በኩሬው ዙሪያ ከእትዬ ጋር

ጥቅምት 6

ዛሬም መጋረጃ። የሆቴሉ ትእዛዝ ገና አላለቀም... ሁሉም ስስ፣ ሁሉም ነጭ። ቀኑን ሙሉ ነጭ ሲያዩ መዋል ያፈዛል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ጨርቁ ላይ ጋደም ስትል ጠርዙ የት እንደሚያልቅ፣ ብርሃኑ የት እንደሚጀምር ጠፋኝ። ደስ ይል ነበር፣ ለምን ይዋሻል። ዓይኔን ትቼ እጄን አምኜ ሰፋሁ።

ጋሼ የሱቃቸውን ቁልፍ እያንቃጨሉ መጡና ጎንበስ ብለው አዩት። «ይቺ ስፌት መንገድ ስታለች» አሉ። እውነትም ስታለች። ቀጥ ብላ ሄዳ ሄዳ መሐል ላይ እንደ ሰካራም ወደ ግራ። በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ሰፍቼ አላውቅም። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። እሳቸው አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስገባ ውኃ ጠጣሁ። ደግሜ ጠጣሁ። እትዬ ከምድጃው ሳትዞር «ቧንቧውን ልታደርቂው ነው?» አለችኝ። እሷም ብርጭቋን አነሳች። ሁለታችንም ጠምቶናል። አየሩ ደርቋል መሰለኝ...

ጥቅምት 8

ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። መነጽር ያዝዝልኛል ብዬ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ፊደል ሁሉ እንደ ጉንዳን ተርመሰመሰብኝ። ሐኪሙ መብራቱን አጠፋና «ከመነጽሩ በፊት ደምዎን ይመርመሩ» አለኝ። ዓይኔ ሌላ፣ ደሜ ሌላ... ምን አገናኛቸው?

ስመለስ መሽቶ ነበር። የመኪናዎቹ መብራት ዙሪያውን ክብ እየሠራ እንደ አበባ ይፈካል። መንገዱ ሁሉ አበባ። ፈርቼ መሄድ ሲገባኝ ቆሜ አየሁት።

ጥቅምት 9

ስኳር ነው አሉኝ።

ጥቅምት 10

ትናንት ከዚያች መስመር በላይ አልወጣልኝም።

ሐኪሟ ልጅ ናት። ልጅ ቢኖረኝ የሷ እኩያ ይሆን ነበር። ቀስ ብላ ነው የምታወራው። ዓይኔ እንዳልጠፋ ነገረችኝ። ስኳር ሲበዛ ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ውኃ ይስባል፣ ያብጣል፤ ሁሉ ነገር የደበዘዘብኝ ለዚህ ነው። «ስኳሩ ሲወርድ እሱም ይመለሳል። ግን ሳምንታት ይፈልጋል። እስከዚያ መነጽር እንዳይገዙ» አለች። ሁለት ዓይነት ኪኒን አዘዘችልኝ። ጣት ወግታ ስኳር የምትለካ ትንሽ ማሽን አሳየችኝ። ደግሞ በእግር መሄድ፣ በየቀኑ፣ ላብ ቸፍ እስኪል። «ሌላ የሚወስዱት ነገር ካለ ይንገሩኝ» አለች። ምንም የለም አልኳት። እውነትም የለም።

ለእትዬ እንዴት እንደምነግራት መንገዱን ሙሉ ሳስብ መጣሁ። እማዬን የወሰደብን ይኸው ነው። ያኔ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እትዬ ናት። እህቴም እናቴም እሷ። ስነግራት የያዘችውን ፎጣ አጣጠፈች። ፈታችው። እንደገና አጣጠፈች።

«ኪኒን ሰጡሽ?»

«ሰጡኝ።»

«እ...» አለች።  ምን ማለት ነው እሱ «እ»?

ጥቅምት 11

እትዬ ገበያ ሄዳ ዘንቢሏን ሞልታ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። አብሽ። ቀረፋ። ጥቁር አዝሙድ። አንድ ደግሞ የደረቀ ቅጠል፣ አመድማ፣ ሽታው ዝናብ የነካው አፈር የሚመስል። ስሙ ማነው አልኳት።

«ሻጯም አልነገረችኝ። ስሙን የሚያውቁት ሲበዙ ኃይሉ ይቀንሳል አለች።»

እንግዲህ...

አፈላችው። ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። እንፋሎቱ መሐል ቆማ ሳያት ዓይኔም ደብዛዛ፣ እሷም ደብዛዛ... እማዬን መሰለችኝ። ልጠራት ነበር።

«መራራ ነው እትዬ።»

«ስኳርን በምን ልታባርሪው ኖሯል? በማር?»

ለራሷም ቀዳች። አንቺ ደግሞ ለምን? ስላት «መራራ ነገር ለብቻ አይጠጣም» አለች። አንጀቴን በላችው። ኪኒኑንም ዋጥኩ፣ ፊቷን እስክታዞር ጠብቄ። ከማን እንደምደበቅ አላውቅም።

ጥቅምት 14

መሄድ ጀመርን። ብቻዬን ልወጣ ነበር፤ እትዬ ጫማዋን አጥልቃ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ዓይንሽ እንደሆነ ሥራ ፈቷል። ኩሬ ውስጥ ገብተሽ ብትቀሪ ማን ይጠየቃል?»

ኩሬው ከሰፈራችን ጀርባ ነው፣ ዙሪያውን መንገድ አለው። ጉም ነበር። ውኃው የት እንደሚያልቅ አይለይም። ዛፎቹ ሥር የላቸውም፣ ተንጠልጥለዋል። አንድ ሽማግሌ ትንሽ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ከፊታችን ብቅ ይላል፣ ዜና አንባቢው እያወራ ያልፋል፣ ጉሙ ይውጠዋል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ብቅ። እትዬ «ባለሬዲዮው» አለችው። ስሙ በዚያው ጸና።

ክንዴን ይዛኛለች። እማዬ ሥራ ስትሄድ እኔን አዝላ ትምህርት ቤት ትገባ እንደነበር ነገረችኝ። «እኔ ተቀምጬ እንቅልፌን ስለጥጥ፣ አንቺ ጀርባዬ ላይ ሆነሽ ተማርሽ። ለዚህ ነው አንቺ መጻፍ የምትወጂው።»

ሳቅን። ጉም ውስጥ ሳቅ ሩቅ አይሄድም። እዚያው አጠገባችን ቀረ።

ጥቅምት 19

ሕልም። ቤታችን ግድግዳ የለውም፤ መጋረጃ ብቻ። አንዱን ስገልጥ ሌላ፣ እሱን ስገልጥ ሌላ... ከመጨረሻው ኋላ አንድ ሰው ውኃ ሲጠጣ ይሰማል፣ ሳያቋርጥ። ሳልደርስበት ነቃሁ።

ስነሳ እትዬ መስኮቱ ጋ ቆማ ብርጭቆ ይዛ ነበር።

ጥቅምት 24

ማሽኗ የምታወጣው ቁጥር እየወረደ ነው። እትዬ «ቅጠሉ ነው» ትላለች። እኔ በሆዴ «ኪኒኑ ነው» እላለሁ። እግሬ አፍ ቢኖረው «እኔስ?» ይል ነበር። ምስጋናው ለሁሉም ይድረስ።

ዓይኔ ግን ገና ልቡ አልተመለሰም። አንድ ቀን የቅርቡ ይጠራል፣ በማግሥቱ የሩቁ... ጋሼ የነጩን ሥራ ለሌላ ሰጥተው ለኔ ወፍራሙን ጥቁር ሰማያዊ መጋረጃ አመጡልኝ፣ በነጭ ክር የሚሰፋውን። «ይሄ እንኳን በዓይን በጆሮም ይታያል» አሉኝ። አላመሰገንኳቸውም፣ እንዳያፍሩ።

እትዬ በቁጥሩ ደስ ብሏት መጠኑን ጨመረችው። አሁን ጠዋት ነው የምንጠጣው፣ ከመውጣታችን በፊት፣ በባዶ ሆድ። ሻጯ «ባዶ ሆድ ሲያገኝ ነው የሚበረታው» ብላታለች። ለሐኪሟ ብነግራት ምን ትል ይሆን? ቀጠሮዬ ሲደርስ አስባለሁ...

ጥቅምት 30

ትናንት ኩሬው ዳር ወደቅኩ።

መጀመሪያ ደስታ የሚመስል ነገር ነው የመጣው። ሰውነቴ ቀለለኝ። የኩሬው ውኃ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲነሳ አየሁ፣ ሰፊ፣ ብርማ፣ እጥፋት ያለው። ነፋስ ይነካዋል፣ ይወዛወዛል። ማን ሰቀለው? እላለሁ... ከዚያ ላብ መጣ፣ ቀዝቃዛ። እጄ ተንቀጠቀጠ። እትዬ «ምነው ሚጣዬ?» ስትለኝ ይሰማኛል። መልሱን አውቀዋለሁ፣ አፌ ድረስ ግን አልመጣም። ቃላቱ ሩቅ ቆመው ያዩኛል። መሬቱ ወደ ላይ ቀረበኝ።

ቀጥሎ የማስታውሰው የዜና አንባቢውን ድምፅ ነው። ነገ ደመናማ ይሆናል እያለ... ባለሬዲዮው አጠገቤ ተንበርክኳል።

«ትሰሚኛለሽ የኔ እህት? ይቺን ምጠጫት።» ከረሜላ ነበር። ወደ እትዬ ዞሮ «ስኳር አለባት አይደል?» አለ።

«በምን አወቅክ?»

«እኔም አለብኝ። ከረሜላ ኪሴ ሳልከት ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ቁርስ በልታለች?»

እትዬ ሻርፗን አውልቃ ከራሴ ሥር አደረገች።

ጣፋጩ ሲገባኝ ዓለም ከዳር ከዳር ተሰብስቦ ወደ ቦታው ተመለሰ። መጀመሪያ ያየሁት የእትዬን እጅ ነው። የከረሜላውን ወረቀት ጨብጦ ይዟል።

ኅዳር 3

ቅጠሉንም ዱቄቱንም በፌስታል ይዤ ሐኪሟ ዘንድ ገባሁ። እትዬ ኮሪደሩ ላይ ቀረች። ግቢ ስላት «የመድኃኒት ሽታ ያጥወለውለኛል» አለች።

ስድብ ጠብቄ ነበር። ሐኪሟ ፌስታሉን ፈታች፣ አንድ በአንድ አሸተተች። «መቼ ጀመሩት?» ነገርኳት። «ስንት ጊዜ?» ነገርኳት። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አብሹንም ቀረፋውንም አልጠላም» አለች። «በእናቴም ወጥ ቤት አሉ። አብሽ ስኳር ዝቅ ያደርጋል የሚሉ ጥናቶችም አሉ። እንዲህ በብዛት ከኪኒኑ ጋር ሲሆን ግን ምን ያህል እንደሚያወርድ እኔም አላውቅም፣ እርስዎም አያውቁም። ኪኒኑ ወደ ታች ይገፋል። አብሹ ይገፋል። እግርዎ ይገፋል። ሆድዎ ደግሞ ባዶ ነው። ሁሉም ወደ ታች እየገፋ ማን ይደግፍዎ?»

አንዱን ኪኒን ቀነሰችልኝ። ሳልበላ እንዳልወጣ፣ ከረሜላ ከኪሴ እንዳይጠፋ፣ ከመውጣቴ በፊት እንድለካ። አብሹ በትንሹ፣ ከምግብ ጋር፣ እሷ እያወቀችው። ስም የለሹን ቅጠል ግን ለብቻው አወጣችው። «ምን እንደሆነ የማላውቀውን እንዴት ልፍቀድልዎ? ዋናው ነገር አይደብቁኝ። ከደበቁኝ በጨለማ ነው የማክምዎ።»

ስወጣ እትዬ ኮሪደሩ ላይ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። የተኛች መስላኝ ነበር። አልተኛችም።

ኅዳር 4

«መርዝ ነው ያጠጣሁሽ በይኛ።»

«እትዬ፣ ማን እንደዚያ አለ?»

«ያቺ ልጅ አላለችም?»

«አላለችም።»

«በልቧ ብላለች።»

ድስቱን አጥባ ደፋችው። ሆድ ብሷታል። እኔም አላባበልኳትም። ደክሞኝ ነበር።

ኅዳር 7

ቁርስ በልተን ወጣን። ጉሙ ዛሬ ቀደም ብሎ ለቀቀ። ዓይኔም ለቀቀኝ መሰለኝ... የማዶውን ዛፍ ቅጠል ከቅጠል ለይቼ አየሁት። ቆሜ ቀረሁ። ለካ ዛፍ እንዲህ ነው። እትዬ ቀድማኝ ሄደች፣ ከኋላዋ አየኋት።

ታነክሳለች። በጣም አይደለም። የግራ እግሯን ወደ ውጭ ጣል እያደረገች። ከመቼ ጀምሮ? ክንዴን ይዛኝ ስትሄድ ስለነበር አይታይም ነበር። ወይስ እኔ ነኝ ያላየሁት?

«ጫማው ነው» አለችኝ።

ኅዳር 8

እሑድ። ከሰዓት በኋላ ልብሷን እያጣጠፍኩ ካልሲዋን አየሁ። ትንሿ ጣት በምትውልበት በኩል ደርቆ የጠቆረ ነገር። ደም።

«እግርሽን አሳይኝ።»

«ምን ሆነሽ ነው? እግሬ አላመመኝም።»

«ግድ የለም አሳይኝ። በሞቴ።»

አሳየችኝ። ... አልጽፈውም። ትንሿ ጣቷ ከጎን በኩል እንደዚያ ሆና፣ እሷ ምንም አልተሰማትም። ቀናቱን ሁሉ በዚያ እግር ኩሬውን ዞራለች፣ እኔን ይዛ። አላመመኝም ያለችው እውነቷን ነው። የሚያስፈራው እሱ ነው።

ማሽኗን አመጣሁ። ጣቷን ስወጋት አልተከራከረችኝም። ማሽኗ ቁጥር አላወጣችም፣ ቃል ጻፈች። የመመሪያውን ወረቀት ገለጥኩ፦ ከምለካው በላይ ነው ማለቷ ነው።

እትዬ ማሽኗን እንኳ አላየችም። መስኮቱን እያየች «አውቃለሁ» አለች።

ኅዳር 9

የነገረችኝን ሳልረሳው ልጻፈው።

ትሠራበት ከነበረው የልብስ ማጠቢያ ቤት በጡረታ ስትወጣ መርምረው ስኳር እንዳለባት ነግረዋታል። ኪኒን ሰጥተዋታል። ኪኒኑን ይዛ እስከ ኩሬው ሄደች። ውኃው ውስጥ ጨመረችው። «ዓሣዎቹ ስኳር የለባቸውም» አለችኝ። አልሳቅኩም። እሷም አልሳቀች።

«ለምን እትዬ?»

«እማዬ ኪኒን በጀመረች በሳምንቷ ነው የሞተችው። ያስዋጥኳት እኔ ነኝ። ራሷን ደግፌ፣ ውኃውን ይዤ። አንቺ ተኝተሽ ነበር።»

«የገደላት በሽታው ነው እኮ። ዘግይተው ነው የወሰዷት።»

«አውቃለሁ። ያን ያህል ደንቆሮ አይደለሁም።» አለች። «ማወቅና መዋጥ ግን ለየቅል ነው።»

ስለዚህ ያንን ሁሉ ቅጠል ለኔ ብቻ አልነበረም የምታፈላው። እኔን ምክንያት አድርጋ ራሷን ስታክም... ወይስ ራሷን ረስታ እኔን? ሁለቱም ይሆናል። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት አሻፈረኝ አለች። ቁስሏን ብቻ እንዳጥብላት ፈቀደች።

ኅዳር 10

ብቻዬን ኩሬውን ዞርኩ። ባለሬዲዮው ሬዲዮውን ዝቅ አደረገና «ጥላሽን የት ጣልሻት?» አለኝ። ወደ ውኃው ዞርኩ። ውኃው ጸጥ ብሎ ሰማይን ገልብጦ ይዟል። ከታች ያለው ሰማይ ላይ ኪኒኖች ይታዩኛል፣ ነጭ፣ ቀስ ብለው የሚሰምጡ...

ኅዳር 11

ሥራ አልሄድኩም። ጋሼን አስፈቅጃለሁ። ጠዋት እትዬን «አብሹን አፍዪልኝ» አልኳት።

«ሐኪምሽ ከልክላሽ የለ?»

«የከለከለችው ስም የለሹን ነው። አብሹን በትንሹ ፈቅዳለች። አንቺ ካፈላሽው እጠጣለሁ። አንቺ ደግሞ እኔ የማመጣልሽን ትውጫለሽ።»

«ገበያ አወጣሽኝ?»

«ከማን ተማርኩት?»

ተነሳች። ውኃ ጣደች። አብሹን በሻይ ማንኪያ አፍ ለክታ፣ እንደ ፋርማሲ ሰው ደፋ ቀና ብላ ጨመረች። ከዳቦ ጋር አቀረበችልኝ። እስከ መጨረሻው ጠብታ ስጠጣ ቆማ አየችኝ። መራራነቱ ከዚህ ቀደም እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ባዶውን ኩባያ ተቀበለችኝና ያዘችው። ያዘችው። መንገድ ላይ መኪና አለፈ፣ ሌላ አለፈ።

«ጫማዬን አምጪልኝ» አለች። «ሰፊውን።»

ኅዳር 12

ትናንት እዚያው ሐኪም ቤት አስተኟት። ሐኪሟ ቁስሉን ስታይ ፊቷ አልተለወጠም፤ እጇ ግን ፈጠነ። ኮሪደሩ ላይ ለኔ ብቻ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ስለ እግሩ ነበር የምናወራው» አለችኝ። አሁን የምናወራው ስለ ጣቱ ነው።

እትዬን ያናደዳት ሌላ ነው። «እማማ አለችኝ እኮ። እኔ ምኗ ነኝ?»

የመጀመሪያውን ኪኒን ነርሷ ሰጥታት ሄደች። እትዬ መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። አገላበጠችው። ዓይኗ እንባ የለውም፣ ግን እዚህ ክፍል ውስጥ አልነበረችም። የት እንደሄደች አውቃለሁ። ትራሷን ከፍ አደረግኩ። ራሷን በግራ እጄ ደገፍኩ። ብርጭቆውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

«ባልነቃስ?» አለችኝ፣ በጣም ቀስ ብላ።

«እዚሁ ነኝ።»

«ያኔም እዚያው ነበርኩ።»

ምን ይባላል? ብርጭቆውን አቀረብኩላት። ዋጠችው።

ወንበሩ ላይ ሆኜ ነጋ። መስኮቱ መጀመሪያ ግራጫ ሆነ፣ ቀጥሎ የወተት መልክ... ዓይኗን ስትገልጥ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ነገር «ቁርስ በላሽ?» ነው።

ኅዳር 17

ትንሿን ጣት ማትረፍ አልተቻለም። ሌላው ሁሉ ተርፏል። ከሰመመኑ ስትነቃ ፋሻውን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ካልሲ ስትሰፊልኝ ጨርቅ ይተርፍሻል» አለች።

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ። አወቀችብኝ።

ኅዳር 28

ቤት ናት። ሐኪሟ እስኪድን ድረስ በእግሯ እንዳትረግጥ አዛለች፤ እጅና ወገቧን ግን ቁጭ ብላ እንድታሠራ። ከሱቅ የተረፈ የመጋረጃ ዘንግ አመጣሁላት። ወንበር ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ወደ ላይ ታነሳዋለች፣ ታወርዳለች፣ ወደ ጎን ትዞራለች። ስትጨርስ እንደ ጀልባ ቀዛፊ ናት። ወለሉ ውኃ ቢሆን ርቃ በሄደች።

ጠዋት ጠዋት እኔ ስመለስ «ምን አየሽ?» ትለኛለች። እነግራታለሁ። ሁለት ዳክዬ። ውኃው ላይ የወደቀ ቢጫ ቅጠል፣ እንደ እጅ የተዘረጋ። የባለሬዲዮው ሬዲዮ ባትሪ ጨርሶ ዜና አንባቢው እንደ ሰካራም ሲጎተት። ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። አንዳንዴ እንቅልፍ ይወስዳታል፣ ፈገግ እንዳለች።

ታኅሣሥ 9

ዛሬ የእትዬን ፊት አየሁ።

የምሬን ነው። መነጽር ሳላደርግ፣ እንዲሁ፣ ጠረጴዛው ማዶ ዳቦ ስትቆርስ። ብርሃኑ ከጎን መጣና እያንዳንዱ መስመር ታየኝ። ከዓይኗ ጥግ፣ ከከንፈሯ በላይ፣ ግንባሯ ላይ። አርጅታለች። ደግሞ ታምራለች። መቼ ነው እንዲህ የሆነችው? አጠገቧ ሆኜ?

«ምን ታፈጪብኛለሽ?»

«ምንም።»

ማሽኗ ዛሬ ለሷም ጥሩ ቁጥር ሰጠቻት። ሐኪሟ ደውላ ጠየቀች። «እማማ እንዴት ናቸው?» ስትለኝ እትዬ ሰምታ «ደህና ናቸው በያት» አለች።

ታኅሣሥ 20

እግር ማየት የኔ ሥራ ሆኗል። ማታ ከእራት በኋላ። እሷ ጎንብሳ የራሷን መርገጫ ማየት አትችልም፣ የነካትንም አይሰማት። መጀመሪያ ሰሞን ታፍር ነበር፤ እግሯን ከጨርቁ ሥር ለማውጣት ሰበብ ስታበዛ... «አራስ አስመሰልሽኝ» ትላለች። እኔ ደግሞ የመጋረጃ ስፌት እንደማይ ነው የማየው። ከዳር እስከ ዳር፣ እጥፋት ሳላልፍ።

ስም የለሹ ቅጠል ጣሳው ውስጥ አለ። አልጣለችውም፣ አላፈላችውም። እኔም አልጠየቅኳትም።

ጥር 5

ፈቀዱላት። በሰፊው ጫማ፣ በቀስታ፣ እስከ መጀመሪያው አግዳሚ ወንበር ድረስ። ደረስን። ተቀመጥን። ውኃው ላይ ብርሃን ይንቀሳቀሳል፣ ዓይን ይወስዳል። 

«እማዬ ይሄን ኩሬ አላየችውም» አለች በመጨረሻ።

«አላየችውም።»

«ትወደው ነበር።»

ኪኒን ከጀመረች ወዲህ ስለ እማዬ ስታወራ ድምፅዋ አይወድቅም።

ጥር 23

አርፍጄ ነቃሁ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። የእትዬ አልጋ ተነጥፏል። ስጠራት መልስ የለም። 

ወጥ ቤት ገባሁ። የዳቦ ፍርፋሪ። የእንቁላል ቅርፊት። የኪኒኗ ሳጥን የዛሬው ተከፍቶ ባዶ ነው። ከሱ አጠገብ አብሽ የነካካት ማንኪያ፣ ለኔ ደግሞ የተከደነ ኩባያ። ሰፊው ጫማ በር ላይ የለም።

መስኮቱን ከፈትኩ። መንገዱ ጫፍ ላይ ትታያለች፣ ትንሽ ናት እዚያ። እሷ መሆኗን ለማወቅ ማጥበብ እንኳ አላስፈለገኝም ዓይኔን። ባለሬዲዮውን ይዛዋለች፣ የሆነ ነገር ትነግረዋለች፣ እሱ አንገቱን ይነቀንቃል። ተለያዩ። ብቻዋን መጣች። ማንንም አልያዘችም፣ ማንም አልያዛትም። ትንሽ ታነክሳለች። ፀሐይዋ ከኋላዋ ስለነበር ዙሪያዋን ብርሃን ከቧት፣ እየተራመደች ሳይሆን እየተንሳፈፈች የምትመጣ ትመስል ነበር። ግን እግሯ መሬት ሲነካ አየሁ። አንድ፣ ከዚያ ሌላው።

«ምነው ሳትቀሰቅሺኝ?» አልኳት በር ላይ።

«ሕልም ላይ ነበርሽ። ሳሳሁልሽ።»

«ብቻሽን ፈርተሽ ቢሆንስ?»

«ፈራሁ» አለች፣ ሻርፗን እየፈታች። «ቢሆንም ሄድኩ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ካልሲዋን ራሷ አወለቀች። ሳልጠይቃት እግሯን አንስታ ጭኔ ላይ አሳረፈችው። እኔ ተኝቼ ሳለሁ መንገድ ሄዶ የተመለሰ እግር። በጣቶቹ መሐል፣ ተረከዙን፣ መርገጫውን አየሁ። ምንም የለም። ለቀቅ ሳላደርገው ያዝኩት።

ይሞቅ ነበር።